ቀኝ እጃቸው

አዲሱ ተማሪ በአገራቸው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። እዚህ ግን መሪው በቀኝ ነው፣ መንገዱ ደግሞ በግራ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የለመዱትን የግራ በር ከፍተው ገባ ይላሉ፤ መሪ የለም። ተሳሳትኩ ማለት ሞታቸው ነው። ፊት ለፊት ያለውን መሳቢያ ከፍተው፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ሲበረብሩ ይቆዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ወዲያኛው በር ይዞራሉ። ወጣቱ የመንጃ አስተማሪ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃቸዋል።

ሊታጠፉ ሲሉ ፍሬቻ መስሏቸው የዝናብ መጥረጊያውን ይነካሉ። በጠራራ ፀሐይ ደረቁ መስታወት ሲጥ ሲጥ ይላል። "ምን ዓይነቱ ቀልበ ቢስ መኪና ነው!" ይላሉ ተቆጥተው።

አስተማሪውን ግራ ያጋባው ግን ሌላ ነው። ፍሬን በያዙ ቁጥር ቀኝ እጃቸው መሪውን ለቆ ይወረወርና ከበሩ ጋር ይላተማል። የጣታቸው አንጓ በልዟል።

"ጋሼ፣ ምን ሊይዙ ነው?"

"ባለቤቴን። ቀበቶ ያፍነኛል ትላለች። ፍሬን ስይዝ በእጄ ደገፍ አደርጋታለሁ።"

"አሁን የት ናቸው?"

ሽማግሌው ምንም ያልጎደለውን ስፖኪዮ አስተካከሉ። "መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል" አሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ድመት ዘላ መንገድ ገባች። ፍሬን ያዙ። ቀኝ እጃቸው መሪው ላይ ቀረ፤ ግራ እጃቸው ግን ተዘርግቶ የአስተማሪውን ደረት ደገፈ። መኪናው ቆሞም እጃቸው እዚያው ነበር። ሽማግሌው የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጠው አዩት።

"እንዴ፣ ለመድኩ ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ።