አክስቴ አራስ የሆነችበት ዓመት

ቁርስ ቤት ገብቼ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰው ሽሮፕ ሲሸተኝ፣ አስተናጋጇ መጥታ እስክትታዘዘኝ ድረስ እንኳ ሳልቆይ ሐሳቤ ጥሎኝ ይሄዳል። ያ ሽታ ቁርጥ የአብሽ ሽታ ነው። ብዙ ሰው ስነግረው አያምነኝም፤ የሚያምነኝ አብሽ ሲፈላ ውሎ መጋረጃው፣ ፎጣው፣ የትምህርት ቤት ቦርሳው ሳይቀር አብሽ አብሽ በሚል ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ብቻ ነው። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ እዚህ አሜሪካ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር የነበረው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማችን ቅጠል የሚረግፍበትን ፎል ሙሉ እንደዚያ ሸትቶ ነበር፤ ምክንያቱም አክስቴ ሰብለ ልጅ ወለደች። ወለደች ከተባለ ማለቴ ነው። ቤታችንን ያመሰውም ይኸው ጥያቄ ነበር።

ሰብለ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከእኛ ጋር ስለምትኖር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር፤ እኔ ሳልተኛ ታወራኛለች፣ ከተኛሁም ቀስቅሳ ታወራኛለች። ባል አልነበራትም። እጮኛ ነበራት፣ ግን ታማ ማህፀኗ በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ ሰውየው ስልክ ማንሳት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ጭራሽ ጠፋ። ይጥፋ። ማህፀኗ ይውጣ እንጂ እንቁላሎቿ ደህና ስለነበሩ፣ ሐኪሞቹ ሌላ ሴት ልጇን አርግዛ ልትወልድላት እንደምትችል ነገሯት። ይህንን የሰማችው ዴኒስ ናት፤ ዴኒስ ሰብለ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የምታበስል፣ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሏት አሜሪካዊት ነበረች። «እኔ እሸከምልሻለሁ፤ ሦስቱንም ሳረግዝ አንድ ቀን እንኳ አላስመለሰኝም» አለቻት። ሰብለ ቀልድ መስሏት ሳቀች፣ ከዚያ ዴኒስ አለመሳቋን አይታ አለቀሰች።

በዊንተሩ፣ ዝናቡ ለሳምንት ሳያባራ ሲወርድ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዴኒስ ኮል አደረገች። ሰብለ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች፣ እናቴ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች እጅጌዋን ስትጎትት ቆየች፤ በመጨረሻ ከሰብለ አፍ «ይዟል» የምትል አንዲት ቃል ወጣች። ሦስታችንም ተያይዘን ስንዘል፣ ከታች የሚኖሩት ሰውዬ በመጥረጊያ ጣራቸውን እስኪደበድቡ ድረስ አላቆምንም፤ ከደበደቡም በኋላ ቀስ ብለን ዘለልን። እኔ የዚያን ቀን ደስታ ልክ አላውቅለትም። እህትም ወንድምም ስላልነበረኝ፣ የሚመጣው ልጅ ለእኔ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ስፕሪንግ ሲገባ እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ወደ ቱክዊላ እየነዳን ዴኒስ ጋ እንሄድ ነበር። ልጆቿ ፓርኪንጉ ላይ ኳስ ሲራገጡ፣ እኔ ሶፋው ላይ ተጠግቼ ጆሮዬን ሆዷ ላይ እለጥፍ ነበር። ሰብለ ድምፅዋን ስልክ ላይ እየቀዳች ትሰጣታለች፣ ዴኒስም ከመተኛቷ በፊት ለሆዷ ታሰማዋለች፤ በዚህ ምክንያት ዴኒስ ራሷ ሳታስበው «የኔ ቆንጆ» ማለት ጀመረች፣ ለልጆቿ፣ ለድመቷ፣ መጦሪያ ቤት ላሉት ሽማግሌዎች ሳይቀር። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች ሁሉ ዘመዶቻቸው የት የት እንዳሉ ሲናገሩ፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ «የእኔ ከዝን ቱክዊላ ሆድ ውስጥ ነው» እል ነበር።

ሰብለን እንቅልፍ የሚነሳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ። እኔ እማማ የምላቸው አያቴ አዲስ አበባ ነበሩ። ሰብለ በስልክ «እማዬ፣ ልጅ ላገኝ ነው» ስትላቸው፣ ያረገዘች መስሏቸው እልል ብለው ዘጉት፤ ከዚያ ወዲያ ገብሱን ማስፈጨት፣ አብሹን ማዘጋጀት፣ ቪዛውን ማስጨረስ ብቻ ሆነ ሥራቸው። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ስትመጣ እነግራታለሁ እያለች ሰብለ አቆየችው። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ለእናቴ «አንቺማ አልወለድሽም ብትለኝ ምን ይውጠኛል?» ስትል ሰማኋት። እኛ ዘንድ የወለደች ሴት አራስ ናት፤ ትተኛለች፣ ገንፎ ትበላለች፣ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ከበሩ ጀምሮ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ሰብለ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን ቃል ከእናቷ አፍ መስማት ትፈልግ ነበር። «እሷ ካለችኝ ይበቃኛል» ትል ነበር።

ሰመሩ ሊያልቅ ሲል እማማ መጡ። ኤርፖርት ልንቀበላቸው ሄደን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በዊልቸር እየተገፉ ሲወጡ፣ ሰብለን ከላይ እስከ ታች አዩና ዓይናቸው ሆዷ ላይ ቀረ። ልጥፍ ያለ ሆድ።

«ውይ ልጄን፣ ወረደብሽ?» ብለው እዚያው ማልቀስ ጀመሩ።

«አልወረደም እማዬ፣ ደህና ነው» አለች ሰብለ።

«ታዲያ የት አለ?»

እኔ አላስቻለኝም። «ቱክዊላ!» አልኩ።

መኪናውን ፓርክ ያደረግንበት ፎቅ ላይ፣ ሻንጣው ሳይጫን፣ ሰብለ ነገሩን ሁሉ አስረዳቻቸው። ሁሉንም ስል፣ ስለ ሕመሟ ግን «ማህፀኔ ልጅ አይሸከምም አሉኝ» ብላ አለፈችው።  እማማ «አባቱስ?» ብለው ጠየቁ። «አባት የለውም፤ ዘሩን የሰጠውን ሰው አላውቀውም። ብቻዬን ነው የማሳድገው» አለቻቸው። «እኔስ ብቻዬን አይደል ያሳደግኳችሁ» አሉና፣ መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ካሰርንላቸው በኋላ «ሴትዮዋ ዛሬ ምን በላች?» አሉ። ሰብለ በደስታ መንገድ ስታ ወደ ሌላ ከተማ ይዛን ሄዳ ነበር።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ሶልያና ተወለደች። ሰብለ የዴኒስን እጅ ይዛ አብራት ሆና፣ ልጅቷን የተቀበለቻት እሷ ነበረች። እማማ ኮሪደሩ ላይ እልልታውን ሲያቀልጡት አንዲት ነርስ ሰው የወደቀ መስሏት እየሮጠች መጣች። ከዚያ እማማ ወደ ክፍሉ ገቡ፤ በቀጥታ ዴኒስ ጋ ሄደው፣ ግንባሯን ስመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ» አሏት። ዴኒስ ወደ እኔ ስታይ ተረጎምኩላት፣ እሷም «ማርያምን ታንክ ዩ በሉልኝ» አለች። እማማ ወደ ሰብለ ዞሩ። ልጅቷን አቅፋ ቆማ ትጠብቅ ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» አሏት። ለአባት የሚባለውን ማለት ነው። ሰብለ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች፤ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን አብሽ በአብሽ ሆነ። እማማ በጠዋት ተነስተው አጥሚቱን ያፈላሉ፣ ገንፎውን ያገነፋሉ፣ እናቴም ቱክዊላ ታደርሳቸዋለች፤ ዴኒስ ጠጥታ ወተቷን አልባ ትሰጣቸዋለች፣ እነሱም ለሶልያና ይዘው ይመለሳሉ። ዴኒስ ገንፎውን በጣም ስለወደደችው ልጆቿም ማንኪያ ይዘው ይጠብቁ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ሰብለ ሌሊቱን ሙሉ ልጅ ስትይዝ አድራ ጠዋት ጋደም ስትል፣ እማማ «አንቺማ ደህና ነሽ፣ ተነሺና ድስቱን እጠቢ» ይሏት ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ያላማጠች ሴት በምን ምክንያት ትተኛለች? የቤተክርስቲያን ሴቶች ጥየቃ ሲመጡ አራሷን ፍለጋ መኝታ ቤቱን ያያሉ፣ ሰብለ ግን ጂንስ ለብሳ በር ትከፍትላቸዋለች፣ ግራ ገብቷቸው እነሱም «እንኳን ደስ አለሽ» ብለው ይቀመጣሉ። ሰብለ ሽንት ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ታለቅስ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ የዴኒስ ገንፎ ተጠቅልሎ እናቴ የመኪና ቁልፏን ስትፈልግ፣ ሶልያና አልቅሳ አልቅሳ አልባባል አለች። ነርሷ ልጅቷን ራቁት ደረት ላይ ማስተኛት ጥሩ ነው ብላ ስለነበር፣ ሰብለ ሶፋው ላይ ተጋድማ ሹራቧን ገለጠች። እማማ ብርድ ልብስ ሊደርቡላት ጎንበስ አሉና ቆሙ። ከእምብርቷ ቁልቁል የወረደው ትልቅ ጠባሳ ፊት ለፊታቸው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ሰብለ ጠባሳውን በእጇ ሸፈነች። እማማ ወደ እናቴ ዞሩ።

እናቴ ቁልፏን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ስልኳ ተበላሽቶ ነው ስልሽ ሆስፒታል ነበረች። ደም ፈሷት አትተርፍም ብለውን ነበር። እንዳትደነግጪ ብለን ነው የደበቅንሽ።»

«አትተርፍም አሏችሁ?»

«አዎ።»

እማማ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ ስትሞት ስትድን፣ እኔ አገር ሰላም ብዬ ገበያ እዞር ነበር?» አሉና አለቀሱ። እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ቆይተው እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሱ፣ ሰብለን ከነልጇ ደግፈው የራሳቸው አልጋ ላይ አስተኟት፣ መቀነታቸውን ፈትተው ወገቧን አሰሩላት፣ ከዚያም ለቱክዊላ የተጠቀለለውን ገንፎ መፍታት ጀመሩ። «ዴኒስ ዛሬ ትታገሰን» አሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በቅቤው አጥቅሰው አፏ ጋ አድርሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ። ሳልደርስልሽ ቀረሁ» አሏት። ሰብለ እያለቀሰች ትጎርስ ነበር፤ እማማም እያለቀሱ ያጎርሷት ነበር፤ እኔና እናቴ ከበሩ አልተንቀሳቀስንም። ሰማንያው ቀን እስኪሞላ ድረስ ያንን አልጋ ማንም አላስለቀቃትም።

እነሆ ሶልያና ዛሬ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሰብለም አሁንም ብቻዋን፣ ሾርላይን ውስጥ፣ እየተጨቃጨቀች ታሳድጋታለች። ያኔ በእኛ ቤት ክፉ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የምንማከረው እማማ እንዳይሰሙ ስለማድረግ ነበር። ባለፈው ወር ጥርሴን ልነቀል ሄጄ፣ ሐኪሙ ቤት ደጃፍ ከመኪናዬ ሳልወርድ አዲስ አበባ ወደተመለሱት እማማ ደወልኩ፤ እዚያ መሽቶ ነበር፣ ግን አነሱት፤ ጥርሴን ልነቀል ነው ስላቸው «በየትኛው በኩል ነው?» አሉኝ።