የሽኩር መርፌዎች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም፤ ለሟች ባለቤቴም አልነገርኩም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሌላውን ኃጢአቴን፣ የምላሴን፣ የሆዴን፣ የንዴቴን ሁሉ ዘርዝሬ ይህን አንዱን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ካህኑ "የቀረ አለ ልጄ?" ሲሉኝ "የለም አባቴ" እላለሁ። አለ እንጂ። አሁን ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ እናገረዋለሁ። የምደፍረውም ምናልባት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ፈሪ ሰው ነኝ፤ ይህንን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ያን ጊዜ ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ ከቡልጋ ተነሥቼ ነቀምቴ ተመደብኩ። ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም፤ ዘመድ የለኝም፤ የወለጋ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ የሚያቆም አይመስልም። ከዚያ ብቸኝነት ያወጡኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ኦቦ በኦሮምኛ እንደ አቶ ነው። በሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰር ነበሩ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎንና አንድ ሳጥን ሸክላ ትቶላቸው ሄዷል። በሸክላዎቹ ላይ ያለው የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ ነው፤ ቫዮሊን፣ ፒያኖ፣ ኦርኬስትራ። እሑድ ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ተሰብስበን እንሰማ ነበር።

አራት ነበርን። ኦቦ ገመቹ፣ እኔ፣ የሚሲዮኑን መዘምራን የሚመራው ታሲሳ፣ አራተኛው ደግሞ ሽኩር። ሽኩር ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው የጉራጌ ልጅ ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ያንሳል። እሱ እስላም፣ ሁለቱ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ሸክላው ሲዞር ግን ማን ምን እንደሆነ የሚያስታውስ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጓደኝነት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም፤ የሚገባኝም አይመስለኝም።

ወግ ነበረን። አንዱን ሙዚቃ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የተጫወቱት ሸክላ ሲገኝ፣ ስማቸው እንዳይታይ መሐሉ ላይ ወረቀት እንለጥፍና አስከትለን እናጫውታቸዋለን። ሰሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ሲያልቅ የትኛው እንደሚበልጥ ፍርድ እንሰጣለን፤ ፍርዱም ከታናሽ ይጀምራል። "ታላቅ ከቀደመ ታናሽ ልቡን አይናገርም" ይሉ ነበር ኦቦ ገመቹ። ሌላው ሕጋችን ስለ መርፌ ነው። የግራሞፎን መርፌ ብረት ስለሆነ አንድ ገጽ ካጫወተ ጫፉ ይበላል፤ በተበላ መርፌ ሸክላ ማጫወት ሸክላውን ማረስ ነው። ስለዚህ አንድ መርፌ ሁለት ጊዜ አይነካም። ሸክላ የተዋሰ ሰው መርፌውን ከራሱ ያመጣል። መርፌውን ሁላችንም የምንገዛው ከሽኩር ሱቅ ነው፤ በትንሽ ቆርቆሮ ሙዳይ ታሽጎ ይመጣል። የተበላውን ደግሞ ታሲሳ ለሰንበት ተማሪዎቹ ሥዕል መስቀያ ስለሚፈልገው፣ በባዶ ሙዳይ አጠራቅሜ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሸክላ ይዤ ተመለስኩ። ኦቦ ገመቹ ከሚወዱት ኮንሰርቶ፣ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር ከሚጫወትበት ረጅም ሙዚቃ ውስጥ ቀስ ያለውን ክፍል አዲስ ሰው የተጫወተበት ነው። እሳቸውም ያው ክፍል ያለበት አሮጌ ሸክላ ነበራቸው፤ ከሸክላ ሁሉ የሚሳሱት ለእሱ ነው። ባለቤታቸው አያንቱ ታማ በተኛችበት ወራት ሕመሙ ሲጠናባት ያን ሸክላ ያጫውቱላታል፤ እሱን ስትሰማ ትተኛ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ በእሷ ነጠላ ጠቅልለው ነው የሚያኖሩት። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ ነው ያደረግኩት የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

ሁለቱን አጫወትን። ሽኩር ቀድሞ ተናገረ።

"የመጀመሪያው እቤቱ እንግዳ ትቶ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው፤ ይቸኩላል" አለ። "ሁለተኛው ይጠብቅሃል።"

የሚቸኩለው የኔ ነው። ታሲሳ ሳቀና "ሽኩር ጨረሰው፤ እኔም ከዚያ በላይ አልልም" አለ። ኦቦ ገመቹ "መምህር፣ ያንተም ጥሩ ነው" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያ መታ መታ ገደለኝ። አዲስ አበባ ድረስ የሄድኩበት ሸክላ በአንድ ባለሱቅ አፍ ተዋረደ። እኔ የተማርኩት፣ እኔ የኮንሰርቶን ትርጉም ለእነሱ ያስረዳሁት! ምን ነበር ያበገነኝ? ሽኩር ልክ መሆኑ ነበር። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳለሁ ልቤ የፈረደው ለአሮጌው ሸክላ ነው።

"እስቲ ኦቦ፣ ያንን ያውሱኝና በደንብ ልስማው" አልኳቸው። ከነነጠላው ሰጡኝ። ማንም ከቤት አውጥቶት የማያውቀውን ሸክላ ለእኔ ሰጡኝ።

ቤቴ ጨለለቂ ሰፈር ነበር። በሬን ዘግቼ በደሞዜ የገዛሁትን የራሴን ማጫወቻ ጠመዘዝኩና ከአዲሱ ሙዳይ ሳይሆን ከተበላው ሙዳይ አንድ መርፌ አወጣሁ። አዲስ መርፌ ጠፍቶኝ ነበር? አልጠፋኝም። ሁለቱ ሙዳዮች ጎን ለጎን ነበሩ። እያየሁ ነው ያነሣሁት። ሸክላው ትንሽ እንዲያረጅ ነበር የፈለግኩት፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከኔው ጋር እኩል እንዲሆን። ደግሜ አጫወትኩት። ደጋግሜ አጫወትኩት። ከመርፌው ሥር ጥቁር ብናኝ እየተፋቀ ሲወጣ አየሁ፤ በጣቴም ጠርጌ አየሁት። ያኔ እንኳ ማቆም እችል ነበር። ቫዮሊኑ እየደከመ፣ እየሻከረ ሲሄድ ውስጤ ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ነኝ እኔ።

በሚቀጥለው እሑድ ነጠላውን በሥርዓት ጠቅልዬ መለስኩላቸው። ኦቦ ገመቹ ሸክላውን አስቀምጠው መርፌውን አወረዱ። የተሰማው ጠጠር በቆርቆሮ ላይ የሚፈስስ ዓይነት ድምፅ ነው። ቫዮሊኑ ከሩቅ፣ ከብዙ የሚፋጭ ድምፅ ኋላ ያቃስታል። ክንዱን አንሥተው እንደገና አወረዱት። ያው ነው።

"ማል ተኤ?" አሉ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ለማንም አልነበረም ጥያቄው። ከዚያ ዞረው አዩኝ። "መምህር፣ በየትኛው መርፌ ነው የሰማኸው?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔው ግን ወለምታ አልነበረም፤ እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። "ከሽኩር ሱቅ በገዛሁት አዲስ መርፌ" አልኩ።

ሽኩር "የኔ መርፌ እንዲህ አያደርግም" አለ። ታሲሳም "ነገር ከሥሩ ነው፤ ሙዳዩን ያምጣና እንየው" አለ። ለእውነት ብሎ ነው። እኔም ላመጣ ሄድኩ።

ከኦቦ ገመቹ ቤት እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እስከ ዛሬ እሄድበታለሁ። ተመልሼ "እኔ ነኝ" ለማለት ያ ሁሉ መንገድ ተሰጥቶኝ ነበር። ኦቦ ገመቹ ይቅር ይሉኝ ነበር፤ ልባቸውን አውቀዋለሁ። እኔ ግን ቤቴ ገባሁና አዲሶቹን መርፌዎች ኪሴ ውስጥ ገለበጥኩ፤ በእነሱ ሙዳይ የተበሉትን ሞላሁ፤ ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ላይ አዲሶቹ ጭኔን እየወጉኝ ነበር የሄድኩት።

ኦቦ ገመቹ ከክሊኒኩ ባመጡት ማጉያ መነፅር አንድ በአንድ አዩአቸው። መነፅሩን ለሽኩር ሰጡት። ሽኩር አየ። ላብ ግንባሩ ላይ ሲወጣ አየሁት።

"ሙዳዩ የኔ ነው" አለ። "ከአዲስ አበባ እንደመጣልኝ ነው የሸጥኩት፤ ከፍቼ አላየሁም። ኦቦ፣ ወላሂ አላወቅኩም።"

እኔን አልጠረጠረኝም። ይሰማችኋል? መምህር ይዋሻል ብሎ ማሰብ አልቻለም፤ የራሱን ዕቃ ተጠራጠረ።

ኦቦ ገመቹ ሸክላውን ነጠላው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ሸፈኑት። "አላወቅህ ይሆናል ልጄ" አሉ። "አሁን ግን ሂዱልኝ። ሁላችሁም ሂዱልኝ።"

በዚህ በቀረ ምን ነበር? አልቀረም። ውሸት ብቻውን መቆም አይወድም፤ ደጋፊ ይፈልጋል። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ለመምህራን አወራሁ። "ያገለገለ መርፌ አዲስ ሙዳይ ውስጥ ከትቶ ይሸጣል" አልኩ። የኔ ወሬ በመርፌ ጀመረ፤ ገበያ ሲደርስ ባትሪም፣ የፋኖስ ብርጭቆም ሆነ። በአማርኛም በኦሮምኛም ተወራ። ገበሬው የሚገዛውን ሳሙና ሳይቀር እያገላበጠ "ይሄስ አዲስ ነው?" ይለው ጀመር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የሽኩርን ስም እሱ በቁሙ እያለ ቀበርኩት። ባለሱቅ ከስሙ ሌላ ምን አለው? ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ዘጋ። ሚስቱንና ዕቃውን በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ጊምቢ ሲሄድ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ አየሁት። ቢያየኝ ሰላም ይለኝ ነበር። ከአጥሩ እንጨት ኋላ ተደበቅኩ።

እሑዳችን በዚያው ቀረ። ኦቦ ገመቹ ግራሞፎኑን ለታሲሳ ሰጡና ሙዚቃ መስማት አቆሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታመሙ፤ ሊጠይቋቸው ከሚገቡት መሐል እኔም ገባሁ። ነጠላው ራስጌያቸው ነበር። እጄን ያዙኝና "ሽኩርን ካገኘኸው እንዳልተቀየምኩት ንገረው" አሉ። "ልጅ ነበር፤ አስለቅሼ ሰደድኩት።"

"እሺ ኦቦ" አልኩ። ወዲያው በሳምንቱ ሞቱ፤ በቀብራቸውም ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ።

ጊምቢ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ልነግረው ቆርጬ ነበር የተነሣሁት። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ተለማመድኩት፦ እኔ ነኝ ሽኩር፣ እኔ ነኝ። ጨውና ላምባ በሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከኔ የሚያንስ ሰው ከኔ ቀድሞ ሸብቷል። ዘሎ ወጥቶ አቀፈኝ። ወደ ጓዳ አስገባኝና ሚስቱን ሻይ አስመጣ።

የኦቦ ገመቹን መልእክት ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

"መምህር፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም" አለ። "የመጣልኝን ዕቃ ሁሉ ከፍቼ ሳላይ አልሸጥም። ያኔ ብከፍተው ኖሮ ያ ሸክላ አይሞትም ነበር። እርስዎንም በሰው ፊት አሳፈርኩዎት፤ የተዋሱትን አበላሽተው እንዲመልሱ አደረግኩዎት። ኦቦ ይቅር ካሉኝ የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። አውፍ በሉኝ።"

ያን ጊዜ ነበር ጊዜው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ሚስቱ የሻዩን ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አፌን ታያለች። እሱም ያያል። ምን ሆንኩ? ምን ያዘኝ? ፍቅራቸውን ማጣት ነው የፈራሁት? ወይስ አሁንም ያው ነኝ፣ በሰው ዘንድ ዝቅ ማለት የሚያቅተኝ ሰው?

"አውፍ ብያለሁ" አልኩት።

እጄን ሳብ አድርጎ ሳመው። ሚስቱ "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እንግዲህ ይተኛል" አለች።

ሽኩርም ከሞተ ቆየ፤ የነገረኝ ታሲሳ ነው። አሁን የምክሰው ሰው የለም። ካሳም ሆነ ይቅርታ የሚቀበል ሰው ሁሉ መቃብር ውስጥ ነው፤ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ብቸኛ ነበርኩ፣ ቅናት አሳወረኝ የሚሉትን ሁሉ ሞክሬያቸው ነበር፤ አንዱም አይይዝልኝም። ሸክላውን ያረስኩት በስሜት ነው ብል እንኳ፣ ጊምቢ ላይ ያደረግኩትን ምን እለዋለሁ? እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ያላጠፋውን ጥፋት አውፍ አልኩት፤ ሻዩን ጠጣሁ፤ እጄን ተስሜ ወጣሁ።