ሠላሳ እስክንቆጥር

ባለፈው ሳምንት ቤት ልቀይር ዕቃ ስሸክፍ፣ ከመሳቢያዬ ጥግ አንድ ጥንድ ነጭ የጥጥ ጓንት ወጣ። ከስስነቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ከመሳቢያው እንጨት በቀር ምንም አልሸተተኝም፤ አንድም ቀን አጥልቄው አላውቅምና። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ጓንቱን በስጦታ የተቀበልኩት የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ሊያልቅ ሲል ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር እናቴና ወንድሜም ተከትለውት ሄዱ። ያደግኩበት የሆልምሊያው ቤት ተለቀቀ፤ እኔ ኦስሎ ትምህርቴን ልጨርስ ብዬ ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። ለብቻዬ መኖር ስመኝ የኖርኩት ነገር ነበር። ሳገኘው ግን ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ። ከሱቋ ገንዘብ ተቀባይ ሌላ ማንንም ሳላናግር ቅዳሜና እሁድ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

እናቴ በየጠዋቱ ትደውላለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ተቀባሽ?» ነው። የዚህ አገር ብርድ ቆዳችንን አመድ ያስመስለዋል፤ ለእሷ ደግሞ ልጇ እጇ ነጥቶ ሰው ፊት ከታየች፣ እናት እንደሌላት ታየች ማለት ነው። እኔም በኖርዌጅኛው አዎ፣ «ያ ያ፣ ማሚ፣ ተቀብቻለሁ!» እላታለሁ። እውነቴን ነበር። ቫዝሊኗ ከቦርሳዬ አትለይም።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የተኩስ ክለብ ማስታወቂያ አየሁ። ጠመንጃ ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ «ሐሙስ ሐሙስ እንገናኛለን» የሚለውን ወድጄ ነው የተመዘገብኩት።

ክለቡ ብሪን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ የድሮ ፋብሪካ ምድር ቤት ነበር። ባሩድና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ጀማሪ ሁሉ ከአንድ ነባር ጋር ይመደባል፤ ለእኔ የደረሱኝ ሚስታቸው የሞተችባቸው አንድ ኖርዌጃዊ ሽማግሌ ነበሩ። ስንወጣ አንድ ባቡር ያዝን፤ ለካ እሳቸውም የሃውገሩድ ሰው ናቸው። በኖርዌጅኛ ሁሉም ሰው «አንተ» ነውና እኔም «አንተ» እላቸው ነበር፤ በሆዴ ግን አንድም ቀን ብያቸው አላውቅም።

ሽማግሌው ትከሻቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስለነበር የፋብሪካ ጥይት ርግጫው አይቻላቸውም። ስለዚህ ባሩዱን ቀነስ እያደረጉ ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞሉ ነበር። ችግሩ፣ አንዳንዱ ጥይት ይከሽፋል። ቃታው ሲሳብ «ቅጭ» ይልና ዝም። ኖርዌጆች ይህን «ክሊክ» ይሉታል። ሁለት ሰዎች ገና ሲተያዩ ሲግባቡም «ክሊክ አለ» ይላሉ። የመጀመሪያው ሐሙስ እኛ ዘንድ ሁለቱም ሆነ።

ጥይት ሲከሽፍ ሕግ አለው። እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ተዳፍኖ ዘግይቶ ሊተኮስ ስለሚችል፣ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞሩ ሠላሳ ትቆጥራላችሁ፤ ከዚያ በፊት ጠመንጃው አይከፈትም። እኔ ችኩሏ ስምንት ላይ ልከፍት ስል እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ።

«ቆይ» አሉኝ። «ምናልባት ገና እየመጣ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲህ አብረን መቁጠር ልማዳችን ሆነ፤ እሳቸው በኖርዌጅኛ፣ እኔ በአማርኛ። ዘግይቶ የተተኮሰ ጥይት አንድም አላየሁም። ቢሆንም እንቆጥር ነበር።

ክሽፈቱ ሲደጋገም የክለቡ ኃላፊ አስጠነቀቃቸው። በመጋቢቱ ውድድር ከከሸፈባቸው ራሳቸው የሞሉትን ጥይት ይዘው መግባት አይችሉም። የፋብሪካውን ትከሻቸው አይችል፤ እንግዲህ ሐሙስ ቀረባቸው ማለት ነው። ከሐሙስ ሌላ ሰው የሚያዩበት ቀን እንዳልነበራቸው አውቃለሁ፤ እኔም አልነበረኝምና።

እሁድ ከሰዓት ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ በሽታውን መፈለግ ጀመርን። መጀመሪያ የደረሱበት ባሩዱ ላይ ነው። ትልቅ ቀለህ ውስጥ ትንሽ ባሩድ ሲገባ፣ በሰፊ ዕቃ ውስጥ እንዳለ አንድ እፍኝ ሽሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። አፈሙዙ ዘቅ ሲል ወደ ፊት ይሸሽና ከኋላ የሚጫረው እሳት አያገኘውም። ከመተኮሳቸው በፊት አፈሙዙን ቀና አድርገው ቀስ ብለው መመለስ ጀመሩ። ክሽፈቱ በጣም ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። የጠመንጃውን መቺ ሞላ ቀየሩ። እሱም አልጠቀመም። እያንዳንዱን ክሽፈት መስመራም ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር።

የእኔ ሥራ ቀለሁ ቂጥ ላይ ምስር የምታክለውን እሳት ጫሪ ማስገባት ነበር፤ የእሳቸው ዓይን ደክሞ ነበርና። ስገባ እጄን እታጠባለሁ። እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝና ወዲያው ቫዝሊኔን እቀባለሁ። ከዚያ በጣቶቼ አንድ በአንድ።

ለገና ጓንቱን ሰጡኝ። «ለእጅሽ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ቀላ። የብርድ ጓንት መሰለኝ። ለእናቴ ደውዬ «ጓንት ነው ወይስ ማጥለያ?» እያልን ሳቅንባቸው። በሚቀጥለው እሁድ እጄን አይተው «ጓንቱስ?» አሉኝ።

«እንዳይቆሽሽ ቤት አስቀምጬዋለሁ» አልኳቸው። ስጦታ ማክበር ማለት እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው።

አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። ከዚያ ቀለሆቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በመጋቢት ሦስት ጥይት ከሸፈባቸው። በሦስቱም ከኋላቸው ቆሜ በሹክሹክታ አብሬያቸው ሠላሳ ቆጠርኩ። ኃላፊው ሲመጣ ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው፣ «የእኔ ጥፋት ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ እሳት ጫሪዎቹን በትክክል አላስገባኋቸውም» አሉ። እኔ እንዳስገባኋቸው ልናገር ቃጣኝና ዞረው አዩኝ። ተውኩት። ምን እንደሸፈኑልኝ ግን አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ አልመጡም። አንድ እሁድ ሄጄ አንኳኳሁ፤ አልከፈቱም። ጠልተውኝ ይሆናል፣ ሽማግሌውን ማስቸገሬም ይሆናል እያልኩ ተውኩት። ፈተና ደረሰ፤ ክረምቱም ወላጆቼ ዘንድ አለፈ።

በመስከረም ክለቡ ለጀማሪዎች ጥይት አሞላል ማስተማር ጀመረ። አዲሱ አስተማሪ ገና ሲጀምር «እሳት ጫሪውን ቅባት ባለው እጅ አትንኩ» አለ። «ቅባት ሊገድለው ይችላል። ስስ የጥጥ ጓንት አድርጉ።» እጄን አየሁት። መብራቱ ሥር ያብረቀርቃል።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። የከሸፉት እኔ የነካኋቸው እንደሆኑ ደብተሩ ነግሯቸው ነበር። አንዲት ቃል ቢናገሩ ሐሙሳቸውን ያተርፉ ነበር፤ ነገር ግን ተሸማቅቄ እሁድ እንዳልቀርባቸው ፈሩ። በመጨረሻ ሁለቱም ቀሩባቸው።

በቀጥታ ባቡር ይዤ ሃውገሩድ ሄድኩ። በራቸው ላይ የስማቸው ሰሌዳ ተነቅሎ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ቢሆንም ደወሉን ተጫንኩት። ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ ሲያስተጋባ ሰማሁ። ሠላሳ እስኪሞላ ቆሜ ቆጠርኩ፤ በአማርኛ፣ ከዚያ እንደገና በእሳቸው ቋንቋ። ምናልባት ገና እየመጡ ይሆናል ብዬ።

ባለፈው ሳምንት ከወለሉ ተነስቼ እጄን በሳሙና አጥብቄ ታጠብኩ፤ አደረቅኩና ጓንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠለቅኩት። ልኬ ነው። ያን ሁሉ እሁድ ጣቶቼን ሲያዩ ኖረዋል። በዚያው ሰዓት እናቴ ደወለች፤ አሁንም ጥያቄዋ አልተለወጠም።

«ተቀባሽ?»

«ኔይ፣ ማሚ» አልኳት። «ዛሬ አልተቀባሁም።»