የዶክተሩ ንስሐ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። በጃንሆይ ዘመን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሰሃላ ካለው ቤታችን አንድ ዶክተር አረፈ። ቢምቢ የሚያመጣውን ቢጫ ወባ ሲያጠና ያረጀ ሊቅ ነው አሉን። ሊቁ ታዲያ ፀሐይ ስትጠልቅ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዝ ዳር ይቀመጥና እግሩን ያስነክሳል፤ የነከሰችውን በብልቃጥ ይይዛል።

“ጌታው፣ ምን ቢበድሉ ነው?” አልኩት።

“ለምርምር ነው እትዬ። ነገ ብልቃጡ ካልሞላልኝ የሦስት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።”

ንስሐ የገባ ሰው መቼ ተጋድሎውን ያወራል? ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው፣ “ይበቃዋል፤ እግዜር ይፍታው” አሉ።

በማግስቱ ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን ወንዙን ዳር ለዳር እርጥብ ቅጠል አጨስንለት። አንዲት ቢምቢ አልቀረችም። ዶክተሩ አለቀሰ። እኛም “እንባ ተሰጠው!” ብለን እልል አልን።

እሱ ያልሞላ ብልቃጡን ጭኖ ሄደ፤ ነፍስ አባቴ ዐረፉ፤ እኔም አረጀሁ። ቢምቢዎቹ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ ደህና ናቸው።