እትዬ ዘነቡን ለማስፈቀድ ወደ ጋልቨስተን

ንጋት፣ ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ

ከአፓርታማዬ ስወጣ ገና አልነጋም። ከኤርፖርት የማታ ሥራ የሚመለሱ ጎረቤቶቼ መኪናቸውን ፓርክ ሲያደርጉ እኔ የሰሎሞን መኪና ውስጥ እየገባሁ ነው። ለዛሬ ኦፍ የሰጠችኝን አለቃዬን እግዚአብሔር ይባርካት!

ሰሎሞን ቤድፎርድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ዳላስ ከመምጣቱ በፊት ጋልቨስተን ባሕሩ ዳር ኖሯል፤ ማታ ሬስቶራንት ውስጥ እየተጫወተ፣ ቀን እትዬ ዘነቡ ሱቅ እየዋለ። እትዬ ለዓሣ አጥማጆች መንጠቆና ለዓሣ ማባበያ የሚሆን ሽሪምፕ ይሸጡ ነበር። ያንን ዘመን አጫጭር ታሪኮች አድርጎ ጽፎታል። እትዬ በሁሉም ውስጥ አሉ። እሳቸው ካልፈቀዱ መጽሐፉ አይታተምም፤ ቃሉ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እሱ ደግሞ ሰው ፊት ማንበብ ያፍራል። ሶ፣ አንባቢዋ እኔ ነኝ።

ረፋድ፣ ሀይዌይ ላይ

ኮርሲካና የምትባለውን ከተማ አልፈናል። ሜዳ፣ ላም፣ ቢልቦርድ፣ እንደገና ላም። የሰሎሞንን ታሪኮች ጮክ ብዬ ማንበብ እለማመዳለሁ።

"ሁለት ሰዎች ዓሣ ሊያጠምዱ ወጡ፣ ምንም ሳይዙ ተመለሱ።"

"አዎ።"

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"አንተ! ሰው 'ከዚያስ?' አይልም?"

"ነፋስ አለው እኮ። ነፋሱን አለፍሽው እንዴ?"

እንደገና አነበብኩት። እውነቱን ነው፣ ነፋስ አለው።

ጭንቀቱ ግን ሌላ ነው። "እትዬ እህት ወንድሞቻቸውን በሙሉ ያሳደጉ፣ ያስተማሩ ሰው ናቸው" አለኝ። "እኔ የጻፍኩት ሱቃቸውን ዘግተው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው የሚውሉ ሴት ነው። ማለቴ፣ በእኛ ሰው ፊት ሥራ ፈት አላደረግኳቸውም?"

እኛ ሰፈር ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠያየቀው "አንድ ሥራ ነው ሁለት?" ነው።

ቀትር፣ ጋልቨስተን

ድልድዩን ስንወጣ ባሕሩ ብቅ አለ። ሰማያዊ መስሎኝ ነበር፤ የወተት ሻይ ይመስላል። የእትዬ ቤት በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። እሳቸው ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመዋል።

"ሶሌ! ምነው ከሳህ? ዳላስ ምግብ የለም እንዴ? ይቺስ?"

"የቸርች እህቴ ናት፣ እትዬ። እሷ ናት የምታነብልዎት።"

"መጀመሪያ ትብላ።"

የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ አቀረቡልን። እጃቸው ይባረክ፣ ከንፈሬ እየተቃጠለ ደገምኩ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ማንበብ ጀመርኩ። ሱቁ የሚዘጋበት ቦታ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። ይሄን እህት ወንድሞቼም ያነቡታል?"

"ያነቡታል፣ እትዬ" አለ ሰሎሞን።

"ስለእናንተ ስለፋ ኖርኩ ብያቸዋለሁ። ለፍቻለሁም። አሁን እግሬን ዘርግቼ ያገኙኛል?"

"ካልወደዱት ይቅር። እተወዋለሁ።"

እትዬ አላዩትም፤ ባሕሩን ነው የሚያዩት።

"ድገሚልኝ" አሉኝ።

ደገምኩ። በታሪኩ ውስጥ ሱቁ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፤ ውሃው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌላ ምንም የለም።

"ስህተት አለው" አሉ።

ሰሎሞን አንገቱን ደፋ።

"ስድስት አይደለም፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር የምዘጋው። ካወራህ አይቀር በትክክል አውራው። ለፍቻለሁ፣ አርፌማለሁ። ይወቁት።"

ሰሎሞን ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ሳቁብኝና "ቀጥይ እንጂ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ምን እንዳስደረገኝ ልስማ" አሉኝ። የመጨረሻውን ታሪክ እስክጨርስ አልለቀቁንም።

ማምሻ፣ ወደ ቤት

ሰሎሞን በቀኝ መስመር ቀስ ብሎ ይነዳል። የጭነት መኪኖች ሁሉ ያልፉናል። እንዲህ ያለ ቀን ስለሰጠኝ ጌታን በልቤ አመሰግናለሁ። ነገ በጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ ግን "ፍጠን" አላልኩትም።