ያጸዳችው ፋይል

ፎቶ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ምላጭ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ባለ ፎቶ ቤቱ ነው፤ ፎቶ ገና በፊልም በሚነሳበት ዘመን የሰውን ብጉርና ጠባሳ ከፊልሙ ላይ በምላጭ ጫፍ እየፋቀች ታነሳ ነበርና። ዛሬ ምላጩ በማውዝ ተተክቷል፤ እጇ ግን ያው ነው። ነጥብ ካየ አያልፍም። አንዴ የአንድ ሙሽራ ጉንጭ ላይ ማርያም የሳመችውን ምልክት ሳታስበው አጥፍታው፣ እናትየው ፎቶውን ይዘው መጥተው «ልጄን የት አደረጋችሁት?» ብለው ቤቱን በአንድ እግሩ አቁመውታል። ባለ ፎቶ ቤቱ ሲስቅ፣ ምላጭ አፍራ ምልክቱን መልሳ ስትሥል ዋለች።

አመሏ ሥራ ቦታ የሚቀር ቢሆን ደግ ነበር። ወረፋ ላይ የማታውቀው ሰው ኮት ላይ ብናኝ ካየች እጇ አያርፍም፤ አንስታ ትጥልና «ይቅርታ፣ እንዲያው ዓይኔን እየወጋኝ ነው» ትላለች። ሰው ቤት ስትሄድ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ስዕል ካለ ሳታቃናው አትቀመጥም። ታናሽ እህቷ ይህን ታውቃለችና፣ እሷ ስትመጣ ሆን ብላ አንዱን ታጋድለውና ጥግ ይዛ ትስቃለች።

ይቺ ታናሽ እህት የስፖርት አስተማሪ ናት። ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ስትሮጥ ማን አስተማሪ ማን ተማሪ እንደሆነ አይለይም ነበር። ኋላ ኋላ ግን ትንፋሽ እያጠራት፣ ሳል እየተመላለሰባት መጣ። ብርድ ነው ተባለ፤ አቧራ ነው ተባለ፤ የሜዳው ሣር ነው ያለም አልጠፋ። በመጨረሻ አንድ ረጋ ያለ ሐኪም ራጁን ወደ መብራት አንስቶ አየና፣ ቀኝ ሳምባዋ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ነጥብ አሳያት። ነጥቧ በጊዜ ከወጣች ደህና ነው፤ ከዘገየች ግን ምን እንደምትሆን እሱም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችው።

ነጥቧን የሚያወጡት ሌላ ከተማ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ነው። እዚያ ደግሞ ሄዶ በር ማንኳኳት የለም። የሐኪሞች ቦርድ ፋይል ያያል፣ የሚጠራውን ይጠራል። ይህንን የነገረቻቸው ነርስ ሴትዮ ጣቷን ቀስራ ነበር የተናገረችው።

«ሁሉም ወረቀት በአንድ ፋይል ነው የሚገባው። አንድ! እየቆራረጣችሁ ብትልኩ አይቀበልም። በቀን ቅደም ተከተል ይሁን፣ ቀጥ ይበል፣ ንጹሕ ይሁን። የተዝረከረከ ከሆነ ሳያነቡ ነው የሚመልሱት፤ ከተመለሰ ደግሞ ከወረፋው ጭራ ነው የምትገቡት።»

የእህቷ ባል ሾፌር ነው። ይህን ሲሰማ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እትዬ፣ እኔ መኪና ላዙር ካልሽኝ በመርፌ ቀዳዳም አዞራለሁ። ወረቀት ግን ያንቺ ነው» አላት ለምላጭ። እህቷም ወረቀቱን ሁሉ በፌስታል ጠቅጥቃ አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው።

እንግዲህ ጭንቀቱ የጀመረው ያኔ ነው። ምላጭ የኋለኛው ክፍል ውስጥ፣ ፎቶ የሚቆረጥበት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ደረደረችው። ምን ያልነበረ አለ! የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ቀን የተጻፈበት፣ ቀን የሌለው፣ ቀኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት። አንዱ ወረቀት ሻይ ጠጥቷል። አንዱ ጀርባው ላይ የእህቷ ልጅ ባለ ሦስት እግር ፈረስ ሥሎበታል። ስስ ወረቀት ላይ የታተሙት ደግሞ ጽሑፋቸው እየደበዘዘ ስለሆነ፣ ዛሬ ስካን ካልተደረጉ ነገ ባዶ ወረቀት እንደሚሆኑ እያሰበች ለብቻ ለየቻቸው። አንዱን ታስቀድማለች፤ ትተወዋለች፤ ትመልሰዋለች። ቢጨንቃት ደወለች።

«አንቺ፣ ደም የሰጠሽው ከራጁ በፊት ነው በኋላ?»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ። መርፌ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ዓይንሽን ስትጨፍኚ ቀኑም አብሮ ይጨፈናል?»

«ኧረ ቁጣሽ ከሳሉ ባሰ! በኋላ ነው በይው።»

«በይው አይባልም! አንዲት ወረቀት ቦታዋን ሳተች ብለው ቢመልሱትስ?»

እህቷ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉ አላቆም አለ። ምላጭ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ሳሉ ሲያባራ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ «እሺ በቃ» ተባብለው ዘጉት።

ስካነሩ አርጅቷል። መስታወቱ የቱንም ያህል ቢወለወል በየገጹ ላይ ነጥብ ነጥብ ይረጭበታል። ነርሷ ደግሞ ንጹሕ ይሁን ብላለች። ለምላጭ ንጹሕ ይሁን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነርሷ በምን ታውቃለች? እያንዳንዱን ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ አቃናችው፣ የእጥፋቱን ጥላ አነሳች፣ የሻዩን እድፍ አጠበች፣ ከጀርባ ዘልቆ የሚታየውን ፈረስ ሳይቀር አባረረች። ራጁ በስካነሩ አልሆን ሲላት፣ ድሮ ፊልም ታይበት በነበረው ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በፎቶ ቤቱ ካሜራ ከላይ አነሳችው። ፊልሙ በጣት አሻራና በጭረት ተሞልቷል። አቧራውም ቀላል አይደለም። እሱንም እንደሌሎቹ ከፈተችና ማጽዳት ጀመረች። ነጭ ነጥብ፣ ጠቅ። ነጭ ነጥብ፣ ጠቅ። እጇ ይሠራል፤ ሐሳቧ ግን እዚያ አልነበረም። ሐሳቧ የነበረው የትኛው ገጽ ተገልብጦ ይሆን የሚለው ላይ ነው። እዚያ ቆሞ እጇን ለቀም የሚያደርግ አንድ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት! ማንም አልነበረም፤ ባለ ፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት ክፍል ሕፃን ለማሳቅ ይጮኻል።

ከዚያ ገጾቹን አንድ ላይ አሰረቻቸው። ፋይሉ ከበደና አልላክ አለ፤ አቀለለችው። ሲቀል ጽሑፉ ደበዘዘ፤ ደግማ ከመጀመሪያው አሰረችው። ከፍታ ታያለች፣ ዘግታ ትወጣለች፣ ደጅ ደርሳ ትመለሳለች። ባለ ፎቶ ቤቱ ታከተው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ፋይል አፍ ቢኖረው ተይኝ ይልሽ ነበር። ላኪው!»

ዓይኗን ጨፍና ላከችው። «ፋይሉ ደርሷል» የሚል መልስ መጣ። ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አለች፤ ጀርባዋ በላብ ርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ደንበኛ እያናገረች መሃል ላይ «ገጾቹ ተገልብጠው ሄደው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣባትና የጀመረችውን ትረሳለች። አንድ ሰውዬ ለመታወቂያ የተነሳውን ጉርድ ፎቶ ለሌላ ሰው ሰጥታበት ጉድ ፈላ። ምግብ አልወርድ አላት። ለእህቷ ስትደውል ግን «እኔማ ምን ሆኜ፣ ደህና ነኝ» ነው የምትለው። ከሁለቱ የታመመችው የትኛዋ እንደሆነች በመልካቸው የሚለይ አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እህቷና ባሏ የፎቶ ቤቱን በር በርግደው ገቡ። ባልየው መኪናውን መንገድ መሃል አቁሞ ነው የመጣው፤ ከኋላ ጥሩምባ ይነፋበታል፣ እሱ ግን ጉዳዩም አይደለም። እህቷ ስልኳን ምላጭ አፍንጫ ሥር ደቀነችላት።

«አንብቢው! ጮክ ብለሽ አንብቢው እትዬ!»

ምላጭ አነበበችው። «በተላከው ምስል ላይ ቀደም ሲል የተጠቀሰው ነጥብ አይታይም። ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግም። ፋይሉ ተዘግቷል።»

ያን ጊዜ የሆነውን ደስታ መናገር ያስቸግራል። ባልየው ባለ ፎቶ ቤቱን አቅፎ አነሳው። ምላጭ የእህቷ አንገት ሥር ገብታ አለቀሰች፤ ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችው እንባ ነው። ደንበኞቹ እንኳ ነገሩን ሳያውቁት አጨበጨቡ። እህቷ የምላጭን ሁለት እጆች ይዛ ሳመቻቸውና በሳቅ እንዲህ አለች፦

«እነሱ ጠፋች ይላሉ፣ ብን ብላ! እኔማ ምን አልኩ መሰለሽ? እትዬ ሳምባዬ ውስጥ ገብታ ያቺን ነጥብ አጽድታት ወጣች አልኩ!»

ሁሉም ሳቁ። ምላጭም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀረ። ክው አለች። እጇን ከእህቷ እጅ ቀስ አድርጋ አወጣችና «መጣሁ» ብላ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች።

ካሜራው ውስጥ ያለውን፣ ያልተነካውን ምስል ከፈተችው። አጠገቡ የተላከውን ከፈተችው። በአንደኛው ላይ፣ በአቧራና በጭረት መሃል፣ ነጭዋ ነጥብ በቀኝ በኩል ቁጭ ብላለች። አቧራ ከላይ የሚያርፍ ነገር ነው፤ እሷ ግን ከውስጥ ናት፣ ዳሯ ደብዘዝ ያለ። አሁን ስታያት ከአቧራ እንደምትለይ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በሌላኛው ላይ ሳምባው ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ነው። ከፊት ለፊቱ ክፍል የእህቷ ሳቅ ይሰማል። ጨርቄን ጥዬ ልበድ አለች በሆዷ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ መጀመሪያ ያሰበችው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማንም ሳያውቅ ማስተካከልን ነው። እህቷ በደስታዋ ትቆይ፤ ቦርዱ ዋናውን ምስል ይየው፤ ጥሪው ሲመጣ እንደ አዲስ ነገር ይምጣ። ለሆስፒታሉ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሕትና አላነሳትም፤ ብቻ የምትለው ነገር ለምላጭ አልጣማትም።

«የተዘጋ ፋይል የሚከፈተው ታካሚዋ ራሷ ስትጠይቅ ነው። በስልኳ የምሥጢር ቁጥር እንልክላታለን፣ እሱን ትነግረናለች።»

«እህቷ እኮ ነኝ። ታላቋ ነኝ።»

«እናቷም ቢሆኑ አይቻልም።»

«ቶሎ ካልተከፈተስ?»

«ቦርዱ የያዘውን ከጨረሰ ሌላ ዙር መጠበቅ ነው። መቼ እንደሚሆን አላውቅልዎትም።»

ምላጭ ሁለቱንም ምስል ስልኳ ላይ ጫነችና ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች። መንገዱን እንዴት እንዳቋረጠች አታውቀውም። «አንድ ቀን ብቻ ትደሰት፣ ነገ እነግራታለሁ» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «ነገ ቢዘጋስ» ትላለች። እንዲህ እያለች ከትምህርት ቤቱ አጥር ደረሰች።

እህቷ እየሮጠች ነው። ልጆቹን ከኋላዋ አሰልፋ፣ ክንዷን እያወናጨፈች፣ ሜዳውን ትዞራለች። ከታመመች ወዲህ ሮጣ አታውቅም። ፊቷ ቀልቷል፤ በየመሃሉ ቆም ብላ ጉልበቷን ይዛ ታስላለች፤ ልጆቹ «ቲቸር አይዞሽ!» ሲሏት ቀና ብላ እንደገና ትሮጣለች። ምላጭ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ደስታዋን ብቻ ብታይ ኖሮ ምናልባት ዝም ትል ነበር። ያየችው ግን ያንን ሳል ነው።

«ነይ እስቲ!» ብላ ጠራቻት፤ ድምጿ ተሰባበረ።

እህቷ እየሳቀች መጣች። «ምነው? ፎቶ ልታነሺኝ ነው? ላቤን ግን እንዳታነሺው!»

«ነጥቧን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ራጁን ሳጸዳ። አቧራ መስላኝ። እጄ እኮ… እጄን ታውቂዋለሽ።» ስልኩን ከፍታ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አሳየቻት። «ይቺ ናት የላክኋት። ይቺኛዋ ናት ያንቺ። ይቅር በይኝ፣ አፈር ልሁንልሽ።»

እህቷ ስልኩን ተቀብላ አየችው። የንጹሑን ሳምባ ብዙ ጊዜ አየች፤ ሌላኛውን አየት አድርጋ ተወችው። ከፊቷ ላይ ቅላቱ ቀስ በቀስ ወረደ። ምላጭ ስድቡን ጠበቀች፤ ቢመጣ ይቀላት ነበር። አልመጣም።

«ታዲያ አለች?» አለች እህቷ በመጨረሻ።

«አለች።»

«እኔም እኮ» አለችና ወደ ሜዳው ዞረች። «እኔም እኮ ቅድም ስሮጥ አውቄዋለሁ። ትንፋሼ ነግሮኛል። ቆይ አንድ ዙር ልጨርስ ብዬ ነው።»

እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጠው ደወሉ። ያቺው ሴት ነች ያነሳችው። ቁጥሩ መጣ፤ እህቷ አንድ በአንድ አነበበችላት። «ምስሉን ማን ነው ያዘጋጀው?» ስትል ጠየቀቻቸው። «እህቴ ናት፣ አሁንም እሷ ናት የምትልከው» አለች ታናሺቱ። ምላጭ ምስሉን እንዳለ፣ ከነአሻራው ከነአቧራው፣ ሳትነካው ላከችው። ጥቂት ቆይቶ ፋይሉ እንደገና መከፈቱንና ቦርዱ ዘንድ መመለሱን የሚገልጽ መልእክት ደረሰ። ሁለቱም አነበቡት፤ እንኳን ደስ አለሽ የሚባባሉበት ነገር ግን አልነበረም።

ከበሩ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ባልየው ነው። ጥሩምባውን በዘፈን ምት ይነፋዋል፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «የት አላችሁ እናንተ ጤነኞች!» ይላል። እህቷ ከላይዋ ላይ ሣሩን አራገፈችና የምላጭን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ለሱ ግን አንቺ ንገሪው እትዬ። እኔ አልችልም።»

ምላጭ ወደ መኪናው ሄደች፣ የፊተኛውን በር ከፈተችና አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ አሁንም ይስቃል። «ጥሩምባውን አንዴ ተወው» አለችው።