የፈታሹ ልጅ

«እጅ ወደ ላይ» አለች ሚጣ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆማ።

ሦስት የክፍሏ ልጆች እጃቸውን ሰቀሉ። የአራት ዓመቷ ሚጣ ኪሳቸውን ዳበሰች፣ የምሳ ዕቃቸውን አስከፈተች፣ አንዱን ካልሲው ውስጥ በደበቀው ከረሜላ ያዘችው። መምህርቷ ስትመጣም አላለፈቻትም። «ቲቸር፣ ቦርሳ።»

የዚያኑ ዕለት ሪፈር ተጻፈላት። የሕፃናት አእምሮ ባለሙያ ሳያያት ክፍል አትገባም ተባለ።

አባቷ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ፈታሽ ነው። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ልጁ በዚህ ዕድሜዋ እብድ የሚል ስም ከወጣላት ማን ይፍቅላታል? ታላቅ እህቱ ጠርታ መከረችው፤ ስለ ቤተሰብ መጠየቃቸው አይቀርም፣ ከግድግዳ ጋር የሚሟገተውን አጎታችንን እንዳታነሳ፣ የኔንም ቁጣ ትንፍሽ እንዳትል አለችው። «ዘራችን ጨዋ ነው በል፣ አለቀ።»

ባለሙያዋ ሚጣን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ፣ እንደተፈራው ከቤተሰብ ጀመረች። የአእምሮ ሕመም? የለም። ቁጡ ሰው? እኛ ቤት ድምፅ እንኳ የለም። ሥራውን ስትጠይቀው ሕንፃ ላይ ነኝ ብሎ አድበሰበሰው። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

ባለሙያዋ መጫወቻ ላምጣ ብላ ወጣችና ትልቅ ቦርሳ ይዛ ተመለሰች። አባትየው ብድግ ብሎ በሩ ላይ መንገድ ዘጋባት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይክፈቱልኝ።»

የነቃው እጁ ቦርሳው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

«የጎኑንም ኪስ፣ አባዬ» አለች ሚጣ ከምንጣፉ ላይ።

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከልጅቷ ጋር መቼ እንደሚጫወት ጠየቀችው። ሲወጣም ሲመለስም ተኝታ ነው። ቅዳሜ ግን እናቷ ሥራ ስለምትገባ በር ላይ ይዟት ይውላል።

«ታዲያ ሌላ ጨዋታ ማን አሳያት? ስለ ቤተሰብ ስጠይቅዎት ከሁሉም በላይ የፈለግኩት ይህንን ነበር።»

እሱ እኮ ዘር የሚቆጠር መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። አጎትየውን ከነግድግዳው፣ እህቱን ከነቁጣዋ ዘረገፈው። ባለሙያዋ አዳምጣ ስትጨርስ ሚጣ ጤነኛ መሆኗን ጽፋ ሰጠችው።

«እርስዎን ግን ማክሰኞ ልይዎት።»

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?»

«ድብብቆሽ ይማራሉ።»

ሚጣ በማግስቱ ክፍሏ ገባች። አባቷ እስካሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ይሄዳል።